ጓንግ ማዶ ሮዝ የሆነችበት ጥቅምት

በጓንግ ማዶ ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቆዳ ነው።

«ቆዳ እንዴት አደረ?»

«ምሉ ነው፣ ተመስገን።»

ይህን ሳይባባሉ ሌላ ወሬ መጀመር እንደ ንቀት ይቆጠራል። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፤ የድሮዎቹ መድኃኒቶች መሥራት ካቆሙ ሠላሳ ዓመት አልፏል። እሾህ ወግቶት «ምንም አይደል» ብሎ መንገዱን የሚቀጥል ሰው በከተማዋ የለም። የግራር አጥር ተነቅሎ አልቋል። ወንዶች ጢማቸውን በምላጭ አይላጩም፤ ምላጭ ቤቱ የተገኘበት ቀበሌ ይጠራል። መርፌ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ልብሱ የተተረተረበት ሰው ወደዚያ ይዞ ይሄዳል። ልጆች ኳስ የሚጫወቱት ጉልበታቸውን በወፍራም ጨርቅ ጠምጥመው ነው፤ የወደቀ ልጅ ከማልቀሱ በፊት መዳፉን ገልብጦ ያያል።

ሰሊጥ ግን በማጭድ ካልሆነ አይሰበሰብም። ማሽን ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ነበር፤ ማሽኑ እንጨቱን ሲነካው ፍሬውን የያዘው ቆባ ይከፈትና ሰሊጡ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ ስምንት መቶ ያህል አጫጆች ወደ ቆላው ይወርዳሉ፤ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቁስል በቀለም ከሚመረመርበት ቀለም ቤት ፊት ይሰለፉና እጃቸውን ገልብጠው ደግሞም ቀልብሰው ያሳያሉ። ምሉ የሆነ ጓንትና ማጭድ ይሰጠዋል። ያልሆነ ይቀራል።

እጅ የምታየው አንጓች ፈረደ ነበረች። ዕድሜዋ አርባ ሰባት ነው፤ ከዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ዓመት በቀላሚነት ሠርታለች። የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ወይንጠጅ ናቸው፤ ሳሙና አያስለቅቀውም። ከጠዋቱ ሰልፍ በኋላ ወደ ክፍሏ ትገባና የቆሰለ ሰው እስኪመጣ ትጠብቃለች። ክፍሏ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ጠርሙስ፣ አንድ የአልኮል ፋኖስ፣ የፀሐይ ብርሃን በመስታወት የሚሰበስብ ማይክሮስኮፕና ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ካዝና አለ። ደጋ ያሉ ከተሞች ቁስል ነክቶ የባክቴሪያውን ስም የሚናገር ማሽን አላቸው። ለጓንግ ማዶም ሁለቴ ተልኮላት ነበር። አንደኛው አራት ቀን ሠራ፤ ሁለተኛው አንድ ሳምንት። ሙቀቱን አልቻሉትም። አራቱ ጠርሙሶች ግን ችለውታል።

በካዝናው ውስጥ ሁለት ዓይነት መድኃኒት አለ። አንደኛው በቀለም ምርመራ ወይንጠጅ ሆነው ለሚታዩ ባክቴሪያዎች ነው፤ ሌላው ሮዝ ሆነው ለሚታዩ። ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር በአገሪቱ የሚሠራ መድኃኒት የለም። የቁስል አዋጁም አጭር ነው፤ አንድ ቁስል፣ አንድ ንባብ፣ አንድ መድኃኒት። ሁለቱንም የቀመሰ ሰው ከከተማ ውጭ ባለው ማቆያ አርባ ቀን ይቀመጣል፤ በገላው ውስጥ ሁለቱንም መቋቋም የለመደ ባክቴሪያ ቢፈጠር ይዞት እንዳይወጣ። ካዝናውን የሚከፍተው የቀላሚ ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ በንባብ ቅጹ ላይ ከተመለከተው ቀለም ሌላ አያወጣም።

በጥቅምት አሥራ አራት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አያ ጓዴ ግራ እጃቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው መጡ። አያ ጓዴ የአርባ አጫጆች አለቃ ናቸው፤ ቆላ መውረድ ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ቆስለው አያውቁም ነበር።

«አንጓች፣ ዛሬስ ተያዝኩ» አሉ በሩ ላይ ቆመው። «ከትናንት ወዲያ ነው። ማጭዱ ጓንቱን አልፎ ገባ። ትንሽ መስሎኝ ትናንት ከሰልፉ ቀረሁ፣ ዛሬ ሲነጋ አበጠ።»

«ከትናንት ወዲያ? አንቱ ነዎት እንዲህ የሚሉት? ሌላው ሰው ቢያቆይ ማን ይቆጣዋል?»

«ተቆጭኝ፣ ይገባኛል። ብቻ እይልኝ።»

ጨርቁን ፈታች። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ነው፤ ዙሪያው ቀልቷል፣ መግል ይዟል። በጥጥ ጫፍ ወሰደችና ስላይድ ላይ ስስ አድርጋ ቀባችው። አየር ላይ አደረቀችው፤ ሦስት ጊዜ በእሳቱ ላይ አሳለፈችው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እጇ ብቻውን ያውቀዋል። ወይንጠጅ ቀለሙን አፈሰሰችበት፤ ስልሳ ቆጠረች፤ በውሃ አለቀለቀችው። አዮዲን አፈሰሰችበት፤ ስልሳ ቆጠረች። አዮዲኑ ቀለሙን ከባክቴሪያው ጋር ያስረዋል። ቀጥሎ አልኮል፤ አልኮሉ ያልታሰረውን ያጥባል፤ ይሄ ከአምስት በላይ አይቆጠርም። በመጨረሻ ቀዩ ቀለም። የታሰረው ወይንጠጅ እንደሆነ ይቀራል፤ የታጠበው ቀዩን ይጠጣና ሮዝ ይሆናል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አንድ ጠብታ ዘይት ጣል አድርጋ ዓይኗን አስጠጋች። ሮዝ ነው።

ሮዝ መሆኑ አልነበረም ያስቆማት። ቅርጹ ነው። ባክቴሪያዎቹ ክብ ክብ ሆነው እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚህ ዘለላ ሠርተው የተቀመጡትን ያየቻቸው ሁልጊዜ ወይንጠጅ ሆነው ነው። ስላይዱን ወዲያና ወዲህ ገፋችው። ሁሉም ሮዝ ናቸው።

«ምንድን ነው? ዝም አልሽሳ» አሉ አያ ጓዴ።

«ምንም። እያየሁ ነው።»

የንባብ ቅጹ ሁለት ሳጥን ብቻ አለው። ድሮ ቅርጽ የሚጻፍበት ሦስተኛ ሳጥን ነበረው፤ መድኃኒቱን የሚመርጠው ቀለሙ ብቻ ስለሆነ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ቀርቷል። አንጓች እስክሪብቶውን ይዛ ጥቂት ቆየች። ሮዝ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ካዝናው ተከፈተ፤ አያ ጓዴ መድኃኒታቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ መርቀዋት ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጧቸው። እጃቸው እስከ ክርናቸው አብጧል፤ ቅላቱ እንደ ክር ሆኖ ወደ ብብታቸው መውጣት ጀምሯል። ትኩሳቱ እያንቀጠቀጣቸው ነበር።

አንጓች አልጋ ላይ አስተኛቻቸውና የንባብ መዝገቡን ገለጠች። የመጨረሻውን ወር ወደ ኋላ ሄደችበት። በሃያ ሁለት ቀን ውስጥ አሥራ አራት ቁስል አንብባለች። አሥራ አራቱም ሮዝ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከሦስት ቁስል ሁለቱ ወይንጠጅ ነበር። በየዕለቱ አንድ አንድ ብላ ስትጽፍ ያልታያት ነገር ገጹ ላይ ተሰልፎ ታያት።

ሰባተኛው ስም ላይ ጣቷ ቆመ። ዝማም አለኸኝ፤ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት፣ እግሯን ቆርቆሮ የቆረጣት። ሮዙን መድኃኒት ወስዳ ነበር። በስድስተኛው ቀን ሞታለች። አንጓች ቀብሯ ላይ ነበረች፤ ባሏን ባምላኩን እጁን ይዛ አጽናንታዋለች። መድኃኒት አንዳንዴ አይዝም፤ ሁሉም ሰው ያውቃል። ያኔ እንደዚያ ነበር ያሰበችው። መዝገቡን ሳትዘጋ ለወረዳው የቁስል ተቆጣጣሪ ለይርዳው ደወለች።

የይርዳው ፊት ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ታየ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሆነው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የሚወድ፣ አሥራ አንድ የቆላ ጣቢያዎችን የሚያስተዳድር ሰው ነው።

«ወይዘሮ አንጓች፣ ቆዳ እንዴት ዋለ?»

«የእኔ ምሉ ነው። አቶ ይርዳው፣ ንባቤ ላይ እምነት የለኝም። አሥራ አራት ተከታታይ ሮዝ አንብቤያለሁ።»

«እርስዎ ብቻ አይደሉም እኮ» አለ፤ ድምፁ የተረጋጋ ነው። «አሥራ አንዱም ጣቢያ እንደዚያው ነው። ሮዙ ተስፋፍቷል፤ ክልሉም ያውቀዋል። እንዲያውም ነገ እኩለ ቀን ላይ እመጣለሁ። ወይንጠጁን መድኃኒት ከቆላ አንሥተን ወደ ደጋ ልናዛውረው ነው፤ እዚህ ያለ ሥራ ተቀምጦ ጊዜው እያለፈበት ነው።»

«አያነሡትም።»

«ምን አሉ?»

«ነገ ሲመጡ አሳይዎታለሁ። መኪናውን ግን አይጫኑ።»

ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ አንጓች ወንበሯ ላይ ብዙ አልተቀመጠችም። መጀመሪያ የጠረጠረችው ራሷን ነው። ምናልባት አልኮሉን ሳላውቀው አስረዝሜ ይሆናል አለች። ይህን የምታጣራበት ነገር ሁልጊዜ ከእሷ ጋር አለ። የእንጨት መፋቂያ ወስዳ የኋላ ጥርሷን ሥር ፋቀችና ስላይድ ላይ ቀባችው። በሰው አፍ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት አሉ፤ ጤነኛ ቢሆን፣ ቢታመም፣ ቢጾም፣ ቢበላ። ከሰው ጥርስ የተወሰደ ስላይድ ወይንጠጅም ሮዝም ካላሳየ ጥፋቱ የአፉ ሳይሆን የቀላሚው ነው።

አልኮሉን እስከ ሦስት ብቻ ቆጥራ አቆመች። አየችው። ሁሉም ሮዝ።

አሁን ራሷን መጠርጠር ተወች። እጇ አይደለም። ከአራቱ ጠርሙሶች አንዱ ነው።

አንድ በአንድ ትቀይራቸው ጀመር። ለአልኮሉ ከጎረቤት ጠንካራ ካቲካላ አስመጣች፤ ሮዝ። ወይንጠጅ ቀለሙን ከሳጥኑ ሥር ከተቀመጠ ያልተከፈተ አሮጌ ጠርሙስ ቀዳች፤ ሮዝ። የቀረው አዮዲኑ ነው። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ይዛ በብርሃኑ አየችው። አዲስ ሲመጣ እንደ ጥቁር ሻይ ነበር፤ አሁን ቀጭን ሻይ መስሏል። ቀን በቀን እያየችው ስለኖረች መሳሳቱ አልታያትም ነበር። የአዮዲኑን ሳጥን ከመደርደሪያው አወረደችው። ጠርሙሶቹ ያልተከፈቱ ናቸው፤ ክዳናቸው እንደታሸገ ነው። የካርቶኑ ውስጠኛ ክፍል ግን በሙሉ ቡናማ ሆኗል፤ ካርቶኑ ውስጥ የረሳችው የብረት ማንኪያ ዝጓል። ወረዳው ከመስከረም ጀምሮ የብርጭቆውን ጠርሙስ ትቶ በፕላስቲክ መላክ ጀምሯል፤ ብርጭቆ በመንገድ ይሰበራል ተብሎ። አዮዲኑ በቆላው ሙቀት በፕላስቲኩ ግድግዳ አልፎ እየወጣ ካርቶኑ ጠጥቶታል። ክዳኑ ሳይነካ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሞቷል።

ከቀለም ቤቱ በስተጀርባ የከብት ሐኪሙ ማሩ ጽሕፈት ቤት ነበር። አንጓች ሳታንኳኳ ገባች።

«ማሩ፣ የላሞቹን ጡት የምታጥብበት አዮዲን አለህ?»

«አለኝ። ምን ሆነሽ ነው?»

«በብርጭቆ ነው በፕላስቲክ?»

«በብርጭቆ። የአምናው ነው።»

«ግማሹን ስጠኝ። ለማን እንደሆነ አትጠይቀኝ፣ ማታ እነግርሃለሁ።»

ከጥርሷ ሌላ ስላይድ ሠራች። አዮዲኑን በውሃ አቅጥና አፈሰሰችበት። ዓይኗን ስታስጠጋ ወይንጠጅ ክቦችና ሮዝ ዘንጎች አንድ ላይ ተሰብጣጥረው ታዩ፤ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው አፍ። ቀና ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ቁጭ ብላ የአሥራ አራቱን ሰዎች ስላይድ ከመዝገብ ሳጥኑ አወጣች። ስላይድ ዓመት ሳይሞላው አይጣልም። አንድ በአንድ ቀለማቸውን አጥባ እንደገና አቀለመቻቸው። ማምሻው ላይ ጨረሰች። ሦስቱ በእርግጥም ሮዝ ናቸው። አሥራ አንዱ ወይንጠጅ ናቸው፤ የአያ ጓዴ ዘለላ ጥቁር ወይንጠጅ ሆኖ ቁልጭ ብሏል። የዝማምም እንደዚያው።

ይርዳው በማግስቱ ከስድስት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ደረሰ። መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ ሲገባ አንጓች ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስላይድ፣ አንድ መፋቂያና ጓንት አዘጋጅታ ቆማ ነበር። ከአልጋው ላይ የአያ ጓዴ ትንፋሽ ይሰማል።

«ይቀመጡ» አለችው። «ጥርስዎን ይፋቁ።»

«ወይዘሮ አንጓች፣ ሥራ አለብኝ።»

«ሥራው ይሄ ነው። ትምህርት ቤት ተምረውታል፣ እጅዎ አልረሳውም። እኔ አልነካም። እርስዎ ራስዎ ያቅልሙት።»

ይርዳው አልጋውን አየ፤ እሷን አየ። ጓንቱን አጠለቀ። ጥርሱን ፍቆ ሁለቱንም ስላይድ ቀባ። እጁ ቀርፋፋ ቢሆንም ቅደም ተከተሉን አልሳተም። ለአንደኛው ወረዳው የላከውን አዮዲን ተጠቀመ፤ ለሁለተኛው የማሩን። ሁለቱንም እኩል ቆጠረ። ከዚያ አንደኛውን ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገና አየ።

«ሮዝ» አለ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«በአፉ ውስጥ ወይንጠጅ የሌለው ሰው ያውቃሉ?»

ይርዳው ሁለተኛውን አስገባ። ብዙ ቆየበት። ቀና ሲል ከላቡ የተነሣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

«አሥራ አንዱም ጣቢያ» አለ በዝቅተኛ ድምፅ። «ፕላስቲኩን የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«እሱን በኋላ ያስቡበታል። አሁን ካዝናውን ይክፈቱልኝ። የእኔ ቀለበት ለአያ ጓዴ ሁለተኛ ቀለም አያወጣም፤ የእርስዎ ያወጣል።»

«አንድ ቁስል፣ አንድ ንባብ ይላል እኮ አዋጁ።»

«ንባቡ አንድ ነው። ስላይዱም ያው የመጀመሪያው ስላይድ ነው፤ ከቁስሉ ሌላ ናሙና አልወሰድኩም። ያኔ ያነበብኩት የሞተ አዮዲን ነው። ቁስሉን ያነበብኩት ትናንት ነው።»

ይርዳው ቀለበቱን ጣቱ ላይ ያዟዙረው ጀመር። «ቀለበቴን ይወስዱብኛል» አለ።

«የእኔንም ይወስዱታል። የአያ ጓዴን እጅ ያዩታል?»

አያ ጓዴ ከአልጋው ላይ ድምፃቸውን አሰሙ። ዓይናቸው ገብቷል፤ ንግግራቸው ግን የአለቃ ንግግር ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር አርባ ቀን ማቆያ አለው አይደል?»

«አለው፣ አያ» አለ ይርዳው።

«አርባ ቀን እቀመጣለሁ። ሰማንያም ቢሆን እቀመጣለሁ። ብቻ እናንተ ቶሎ ተስማሙ፣ እኔ እዚህ እየነደድኩ ነው።»

ይርዳው ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ። ቀለበቱን ካዝናው ላይ አሳረፈ። ወይንጠጁ ጠርሙስ ሲወጣ አንጓች ቀድማ ተቀበለችው። እሷ መድኃኒቱን ስትሰጥ ይርዳው ደጅ ወጥቶ ለአሥሩ ጣቢያዎች በየተራ ሲደውል ይሰማት ነበር፤ አዮዲኑን አፍስሱት፣ ጥርሳችሁን ፋቁ፣ ከከብት ሐኪም ለምኑ፣ ወይንጠጁን መድኃኒት ማንም እንዳያነሣ።

የአያ ጓዴ ትኩሳት በሁለተኛው ቀን ወረደ። ሌባ ጣታቸው ግን አልተረፈም።

አንጓች በስህተት ሮዝ ያለቻቸውን ቀሪ ሰዎች በስክሪን አልጠራቻቸውም። በእግሯ ሄደች። በየቤቱ በር ላይ ቆማ አንድ ዓይነት ነገር ተናገረች፦ «ቁስልህን ሮዝ ብዬ ነበር፤ ወይንጠጅ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» አራቱ በራሳቸው ድነው ነበር። ከእነሱ አንዱ ሰደባት። አምስቱ አሁንም የሚመግል ቁስል ነበራቸው፤ በይርዳው ቀለበት ወይንጠጁን መድኃኒት ወስደው ከአያ ጓዴ ጋር ማቆያ ገቡ። የመጨረሻው ቤት የባምላኩ ነበር።

ባምላኩን የሰሊጥ ጆንያ ሲደረድር አገኘችው። እስክትጨርስ ጆንያውን ትከሻው ላይ እንደተሸከመ ቆሞ ሰማት። ከዚያ ቀስ ብሎ አወረደው።

«ወይንጠጅ ነበረች?» አለ።

«አዎ።»

«ወይንጠጁ ካዝና ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

«ትድን ነበር?»

«ትድን ነበር ብዬ ልምልልህ አልችልም። የሚያድናት መድኃኒት ግን እሱ ነበር፤ የሰጠኋት ሌላ ነው።»

ባምላኩ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። አንጓችም ሳይጋብዛት አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። የዝማም ስላይድ እስካሁን መቀመጡን ነገረችው። «ልየው» አለ።

ቀለም ቤቱ ወስዳ የዝማምን ስላይድ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባችለት። እንዴት አንዱን ዓይን እንደሚጨፍን አሳየችው። ጎንበስ ብሎ አየ። አየ፣ አሁንም አየ። ትከሻው ሲንቀሳቀስ ስታይ ወደ ደጅ ወጣችና በሩን ገርበብ አደረገችለት።

ወረዳው ጉዳዩን በጉባኤ የሰማው በኅዳር ስድስት ነው። ጉባኤው ሦስት ሰዎች ነበሩበት፤ ሰብሳቢዋ ጠና ያለች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ይርዳው በጽሑፍ ያቀረበው ረጅም ነበር። ለአንጓች የቀረበላት ጥያቄ አጭር ነው።

«የአቶ ጓዴን ስላይድ መጀመሪያ ባየሽበት ቀን ጠርጥረሽ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር። ቅርጹ ከቀለሙ ጋር አልሄደልኝም።»

«ታዲያ ለምን ሮዝ ብለሽ ሞላሽ?»

«ቅጹ ስለ ቅርጽ አይጠይቅም። እጄ ለምዶ ሞላው። አልሞላም ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም።»

ሰብሳቢዋ ጻፈች። ቀጥላ ወደ ኋላ ወንበር ዞረች። «አቶ ባምላኩ፣ የሞቱት ባለቤትዎ ናቸው። በቀላሚዋ ላይ ክስ አለዎት?»

ባምላኩ ቆመ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ሚስቴ በተቀበረች በሁለተኛው ቀን ከዚህ ቢሮ ደብዳቤ መጣልኝ» አለ። «በሮዝ ሞታለች ይላል። ማኅተም አለው። ትክክል አለመሆኑን ቤቴ ድረስ መጥቶ የነገረኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። እኔ ክሴ በደብዳቤው ላይ ነው። ይታረምልኝ።»

ጉባኤው የወሰነው ያንኑ ቀን ነው። አዮዲን በቡናማ ብርጭቆ ብቻ እንዲላክ፣ በእያንዳንዱ ጠዋት የጥርስ ስላይድ ሳይታይ ቁስል እንዳይነበብ፣ የቅርጽ ሳጥኑ ወደ ቅጹ እንዲመለስ። የይርዳው ቀለበት ለአንድ ዓመት፣ የአንጓች ለስድስት ወር ታገደ። አንጓች ቀለበቷን ከጣቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሥሩ ያለው ቆዳ ነጭ ሆኖ ነበር።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እርማት ማመልከቻ ይፈልጋል፣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አለ። ሰብሳቢዋ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። «መዝገቡን አምጣው» አለች። መጣ። ሠራተኛው የዝማም አለኸኝን ስም አግኝቶ «ሮዝ» የሚለውን በመስመር ሰረዘና እስክሪብቶውን ለሰብሳቢዋ አቀበላት።

«እሷ ትጻፈው» አለ ባምላኩ። «ስላይዱን ያየችው እሷ ናት።»

አንጓች ከጠረጴዛው ተጠግታ «ወይንጠጅ» ብላ ጻፈች፤ ከጎኑ ሙሉ ስሟንና ቀኑን አኖረች። ባምላኩ ጎንበስ ብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። የእርማቱን ቅጂ ተቀብሎ አጣጥፎ ያዘ።

ወደ ጓንግ ማዶ የሚመለሰው መኪና አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ያልታጨደው ሰሊጥ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ ታየ፤ ቆባው መከፈት ጀምሯል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልተነሣ ይረግፋል።

«ስድስት ወር ምን ልትሠሪ ነው?» አላት።

«የአያ ጓዴ ቡድን በማቆያው ምክንያት ስድስት ሰው ጎድሎታል» አለች አንጓች፣ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል። «አንዱን እኔ እሞላለሁ።»

«ማጭድ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«ከቀለሙ በፊት የያዝኩት እሱን ነው።»

ባምላኩ በመስኮቱ በኩል ቆባዎቹን አየ። «ሁለተኛውን እኔ እሞላለሁ» አለ።